ከሻንጣዎቹ መሀል የተገኘው ኮርቻ

ነገ ከቆሰበር በላይ ያለውን ተራራ በቤተሰብ ልንወጣ ዕቃ ስንሸክፍ፣ ከሻንጣዎቹ መሀል ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? ኮርቻ!

የአባባ ነው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄዱም። እኛም ሳንጠይቃቸው ስንቁን ያለእሳቸው አሰናድተናል።

«አባባ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ለእኔ ነዋ! ከጎረቤት ፈረስ ተውሻለሁ። ደግሞ ፈረስ ባለበት አገር ተራራ በእግር ይወጣል እንዴ?»

ከባሕር ዳር ያስመጣሁት የተራራ ጫማ ኮርቻው አጠገብ ሲታይ አሳዘነኝ።

ባለቤቴ ሳቋን አፍና ዳቦ ልትጨምር ገባች። አባባ አሁን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው የኮርቻውን ቆዳ ቅቤ እየቀቡ ያፏጫሉ። ፉጨታቸውን ከሰማን ስንት ጊዜያችን!

እናንተ ቤትስ፣ «አይችሉም» ብላችሁ ሳትጠይቋቸው፣ ቀድመዋችሁ ተሰናድተው የጠበቋችሁ የሉም?