ጭረት እንኳን የለውም

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር መውጫ ድረስ ሮጫለሁ። ነጠላ ጫማዬ ስለተበጠሰ አንዱን በእጄ ይዤ ነው የሮጥኩት። መኪናውን ከሩቅ አየሁት፤ የኋላ መብራቱ ታጠፈና ጠፋ። የሚነዳው ወንድሜ ገብረአብ ነው። ሰአዳና ሁለት ወንድሞቿ አብረውት ናቸው። ወደ አልዩ አምባ ሊወርዱ ነው። ፍሬኑ እንደማያስተማምን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እነሱ ግን ነግሬያቸው አላመኑኝም።

አሁን ቤት ገብቼ ተቀምጫለሁ። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ስላልቻልኩ ስለ ወንድሜ ልጻፍ።

ወንድም ጋሼ ነው የምለው። እናታችን ጎረቤላ ላይ ስትሞት እኔን ይዞ ደብረ ብርሃን ገባ። ብዙ ዓመት የሰው ባጃጅ ነዳ። ምጥ የያዛት ሴት ካለች እሱ ነው የሚጠራው። ለቅሶ ሲኖር ድንኳንና ወንበር የሚያመላልሰው እሱ ነው። እምቢ ማለት አያውቅም። ሰፈሩ ይመርቀዋል፣ ለምን አይመርቀው፣ ለነሱ ተመችቷቸዋል። ምሳውን ሳይበላ አመሻሽ ላይ ፊቱ ገርጥቶ ሲገባ የማየው እኔ ነኝ።

ሚኒባሱን ካገኘ ገና ዓመቱ ነው። አዲስ ነው፤ ከኋላ ካሜራ አለው፣ የሆነ ነገር ሲቀርበው ይጮሃል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ማንንም ሳያስነካ ራሱ ያጥበዋል። በሕይወቱ የኔ ብሎ የያዘው ነገር እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ጫጫ ላይ ሰው ለማውረድ በቆመበት አንድ የጭነት መኪና ከኋላ መታው። ሹፌሩ ወልደተንሣኤ ሆኖ ተገኘ። ወልደተንሣኤ አበልጃችን ነው፤ ወንድሜ ልጁን ክርስትና አንስቶለታል። እኛ ጋ እንዲህ ሲሆን ማንም ትራፊክ አይጠራም። ትራፊክ ከመጣ ሁለቱም መኪና ይታሰራል፣ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ሻይ ቤት የተቀመጡ ሽማግሌዎች ተነስተው መጡ፣ መኪናውን ዞረው አዩት። የኋላው መከላከያ ፕላስቲክ ነው፤ ሲመታ ይገባል፣ ከዚያ መልሶ ይወጣል። ምንም አይታይበትም ነበር።

"ይሄም ግጭት ተብሎ? በሬ ቢታከከው ከዚህ ይብሳል" አለ አንዱ።

ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ። "ትቼዋለሁ፣ ወደፊትም አልጠይቅም በል" አሉት፤ አለ። ተሳሳሙ፣ ሻይ ጠጡ፣ ተለያዩ። መከላከያውን ፈትተን ከሥሩ ምን እንዳለ እንይ ያለ የለም። እንዲህ ማለት አበልጅን እንደ መጠርጠር ነው።

ከዚያ በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። አንድ ጋራዥ ወሰደው፤ ኮምፒውተር ሰኩበትና መብራቱን አጠፉለት። "ሴንሰር ነው፣ አታስብ" አሉት። ያጠፉት መብራቱን እንጂ በሽታውን አይደለም። ቆይቶ ፍሬኑ ሲረገጥ ይሰምጥ ጀመር።

ዛሬ ከሰዓት ጎረቤታችን ፍቃዱ መጥቶ መከላከያውን ፈታው። ፍቃዱ መካኒክ ነው። እኔ ባትሪ አበራሁለት። ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለው ወፍራም ብረት ወደ ውስጥ ጎብጧል። የወለሉ ላሜራ ተጨማዷል። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ከላሜራው ጋር እየተፋተገ ሳስቷል፣ ዙሪያው ረጥቧል። ፍቃዱ ጣቱን አስነክቶ አሳየን።

"ገብሬ፣ በዚህ መኪና ቁልቁለት እንዳትወርድ" አለው።

"ሜዳ ለሜዳስ?"

"አትንዳው ነው የምልህ። ነገ ቱቦ ፈልጌ እመጣለሁ፣ ወለሉ ግን ቀላል ሥራ አይደለም።"

"ለጋሽ ወልደተንሣኤ ደውልለት" አልኩት እኔ።

"ምን ብዬ? ሽማግሌ ፊት ትቼዋለሁ ብዬ ቃሌን ልብላ?"

"አላየነውም ነበር በለው።"

"ዝም በይ እስቲ። ፍቃዱ፣ መልሰህ ግጠመው፣ ሰው አይቶ እንዳያወራ።"

ፍቃዱ ራሱን እየነቀነቀ ገጠመው። መኪናው እንደገና አዲስ መሰለ።

ሊመሻሽ ሲል ሰአዳ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር መጣች። ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ዕቃዋን ሁልጊዜ የሚጭንላት ወንድሜ ነው። ዓይኗ አብጧል።

"ጋሽ ገብረአብ፣ አባቴ ወደ አኼራ ሄደ። ጀናዛው ጠዋት አልዩ አምባ ላይ ይወጣል። የለመንኩት ሹፌር ሁሉ በዚህ ሰዓት አንወርድም አለኝ።"

ወንድሜ መልስ ሳይሰጥ እኔ ቀደምኩት። "ሰአዳ፣ መኪናው ከኋላ ተመትቷል። ፍሬኑ ያፈሳል።"

ወደ ኋላ ዞራ ሄደች፣ መከላከያውን በመዳፏ ዳሰሰችው። "የቱ ጋ ነው የተመታው? ጭረት እንኳን የለውም እኮ።" ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። "ካልተመቸህ በግልጽ ንገረኝ፣ አልቀየምህም።"

እዚህ ላይ ተሸነፈ። አይቀየሙኝ የሚለው ነገር ነው ዕድሜውን የበላው።

"እሷ ፈሪ ናት። ግቡ" አላቸው።

የበሩን እጀታ ያዝኩት። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸውና ቀስ ብሎ "በከባድ ማርሽ ነው የምወርደው፣ ፍሬኑን ብዙ አልነካውም" አለኝ። መስታወቱን ዘጋ።

የወንድሜ ስልክ አይሠራም። ደጋግሜ ሞክሬ ሲያቅተኝ ወልደተንሣኤ ጋ ደወልኩ።

"ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ ያን ቀን የመቱት መኪና ከሥሩ ተጎድቷል። ወንድሜ ሰው ጭኖ አልዩ አምባ እየወረደበት ነው።"

"ታርቀናል እኮ፣ እቴ። ያለቀ ነገር ምን ትቆሰቁሻለሽ? ወንድምሽ ጨዋ ነው፣ አንቺ ማንን ወጣሽ?"

"ካሳ አልጠየቅሁም። በጎረቤላ ነው የሚያልፈው፣ እዚያ የሚያውቁት ሰው ካለ መንገድ ወጥቶ ያስቁመው ነው የምልዎት።"

"ጠዋት እንነጋገራለን" ብሎ ዘጋው። ጠዋት ምኑን ነው የምንነጋገረው?

ፍቃዱን ጠርቼው ሞተር ተውሶ ተከትሎታል። የሱም ስልክ አይሠራም። ወንድሜ በሰላም ከደረሰ "አየሽ፣ ምንም አልሆነም" ይለኛል፣ ነገም ይነዳዋል፣ ከነገ ወዲያም። ካልደረሰ ደግሞ ሰአዳ አባቷን ልትቀብር ሄዳ... ይህን መጻፍ አልችልም።

ደጅ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እነሳለሁ፣ ሌላ ሰው ይሆናል። የምደውልለት ሰው አልቆብኛል። ምን እንደሚመጣ አላውቅም።