የቀሚሷ አበባ

ጥልፍ ያለበት ልብስ ካየሁ ዓይኔ ቶሎ አይመለስም። ባለፈው ክረምት ይህ አመሌ ዱላ ሊያስቀምሰኝ ነበር።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚኒባስ እየሄድሁ ነው። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተና የቀሚሷ ጀርባ ታየኝ። ቢጫ አበቦች በቀይ ሐረግ ተያይዘው እስከ አንገቷ ይወጣሉ። አንዷ ብቻ ገና እንቡጥ ናት። እሷን በደንብ ለማየት ወደ ፊት ዘንበል አልሁ።

«ምንድን ነው እንዲህ የምታየው?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ። ሽመሉን በጉልበቶቹ መካከል አቁሟል። «እህቴ ናት!»

«ጥልፍ ነው» አልሁት በደከመ ድምፅ።

«ጠለፋ ነው ያልኸኝ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሹፌሩም በመስታወቱ አፈጠጠብኝ።

«ኧረ ጥልፍ! የቀሚሷን አበባ!»

ልጅቱ ደንግጣ ነጠላዋን እስከ አንገቷ ሳበች። ወንድሟ ግን አለቀቀኝም።

«እውነት ጥልፉን ከሆነ ያየኸው፣ ምን አየህ? ንገረኝ።»

ስለ ቢጫዎቹ አበቦች፣ ስለ ቀዩ ሐረግ፣ ስለ እንቡጧ እየተንተባተብሁ ነገርሁት። ሽመሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። አሁን አነሳው እያልሁ እጁን እጁን አያለሁ።

«ሌላስ?»

«ሌላ... ከአንገቷ ሥር ያለችው ቅጠል ትንሽ ጠመም ብላለች።»

ፊቱ ቀላ። ወደ ሰዎቹ ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ሜዳ ላይ ከብት እየጠበቅሁ የጠለፍሁት እኔ ነኝ» አለኝ በሹክሹክታ። «ያችን ቅጠል ያጣመምኋት ጊደሯ ክርኔን ገፍታኝ ነው።»