በሹፌሩ ወንበር ላይ የተቀመጠው ድንች

ባሌ አሮጌዋን ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪናውን ለማንም ጋራዥ አምኖ አይሰጥም ነበር። የፊት ጎማዎቿ ተዛብተው መሪዋ ወደ ጎን ሲስብ፣ እዚሁ እንጅባራ ግቢያችን ውስጥ ራሱ ያቃናታል። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ይወጥርና ከሥር ገብቶ ብሎኑን ያላላል፣ ያጠብቃል። እምቢ ስትለው በአገውኛ ይሰድባታል። የሲባጎውን ጫፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

መኪናዋ ሰው ሲቀመጥባት ዝቅ ትላለች፤ የጎማዎቿም አቋም ይለወጣል። ባዶዋን ከተቃናች መንገድ ላይ መሳቧ አይቀርም። ስለዚህ እሱ ከሥር ሲሠራ፣ በሹፌሩ ወንበር ላይ በራሱ ክብደት ልክ አንድ ጆንያ ድንች ያስቀምጥ ነበር።

«ይኼኛው ባል ይሻላል፤ አያንኮራፋም» እለዋለሁ።

«ቀቅለሽ እስክትበይው ነው» ይለኛል ከመኪናዋ ሥር።

ሲሞት ልብሱን ለነዳያን ሰጠሁ። መኪናዋን ግን ማንም እንዲነካት አልፈቀድኩም።

ዘንድሮ ዳንግላ ሥራ የያዘችው ልጃችን ልንዳት አለች። የባሌ ታናሽ ወንድም ጎማዎቹን ሊያቃና መጣ። ሲባጎውን ሲፈታ፣ ሳይጠይቀኝ ጆንያውን ድንች ሞልቼ እየጎተትኩ አመጣሁና ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። የባሌ ገላ ያጎደጎደው ስፖንጅ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የወንድምህ ልክ ነው።»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገቤ የቆመችውን ልጄን አያት። ልጄ እንደ እኔ ቀጭን ናት።

«የምትነዳው እኮ እሷ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «በእሱ ልክ ካቃናሁት መሪው እሷን ይስባታል። በዚህ አገር ጉም ደግሞ መሪ የሚስብ መኪና አይነዳም።»

«ትንሽ ቢስባት ምን አለበት?» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። ልጄ አንገቷን ደፋች።

«እማ፣ ልቀመጥ?»

ጆንያውን አቅፌ አወጣሁት። ክብደቱ ሲለቃት መኪናዋ ብድግ አለች፤ ባሌ ሲወርድ ትል እንደነበረው። መሬት ላይ ካሳረፍኩት በኋላም እጆቼን ከጆንያው ለማላቀቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

ልጄ ገብታ ተቀመጠች። መኪናዋ ትንሽ ብቻ ዝቅ አለች። እኔም እንደ ድሮው የሲባጎውን ጫፍ ያዝኩ።

«እትዬ፣ ሲባጎው ላላብኝ» አለ የባሌ ወንድም ከሥር ሆኖ። «ጠበቅ ያድርጉት።»

«ይዤዋለሁ» አልኩት።