የሰፋሪዋ ጤና አዳም

ዛሬ ዌስተርቪል ከተማ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ሳር ሳጭድ ማሽኑ ከተከልኳት ጤና አዳም አንድ ቅርንጫፍ ቆረጠብኝ፤ ሽታዋ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ ከትምህርት ቤት፣ ከነወላጆቻችን፣ ከባሕር ማዶ የመጡ የድሮ ሰፋሪዎች የኖሩበትን ቤት ሊያስጎበኙን ወስደውን ነበር። እማዬ የቅቤ መናጫውንም እንዝርቱንም ዝም ብላ አለፈቻቸው፤ አገር ቤት ሳለች የምትሠራባቸው ዕቃዎች ናቸው። ጓሮ ስንወጣ ግን ቢጫ አበባ ያወጣች ጤና አዳም ፊት ቆመች።

አስጎብኚዋ፣ የቤቱ እመቤት ይቺን የተከለቻት ልጆቿን ይዛ ቀድማ መጥታ ባሏን ስትጠብቅ ነው አለች። ለእማዬ ተረጎምኩላት።

«መጣላት ወይ በያት» አለችኝ።

ጠየቅኳት። «አይታወቅም ትላለች፣ እማዬ።»

እማዬ ቅጠሏን በጣቶቿ አሸት አድርጋ አሸተተች። «ይታወቃል» አለች።

ያኔ አባዬ አገር ቤት ነበር፤ ቪዛው ፕሮሰስ ላይ ነው ይባል ነበር። ማታ ቤት ስንገባ እማዬ ለእሱ ገዝታ የሰቀለችውን የክረምት ጃኬት አውርዳ ለጎረቤታችን ለጋሼ ታደሰ ሰጠች። ሌላ የተሻለ ልትገዛለት መስሎኝ ደስ አለኝ።

አልገዛችም፤ አባዬም አልመጣም። ጃኬቱን ጋሼ ታደሰ ነትቦ እስኪያልቅ ለበሱት።

ዛሬ የተቆረጠችውን ቅርንጫፍ አንስቼ ከሳሩ ጋር ከረጢት ውስጥ ከተትኳት።