ለክረምት የተቀመጠ ፀሐይ

ከቦኖሻ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ቀበሌ ወደተተከለው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ የሄድኩት ቅሬታ ሰምቼ ነው። የናፍጣ ሞተሯን ሸጣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ያስተከለች አንዲት ሴት ከቀትር በኋላ መብራት ታጣለች። እህል ተሸክመው የመጡ ሰዎች ጥቂት ይጠብቁና ቦኖሻ ወዳለው የናፍጣ ወፍጮ ያልፋሉ። ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ ወፍጮ ቤቷን ልትዘጋ ነው። ማመንጫውን የሚከታተለው ቴክኒሺያን ባትሪዎቹ ደክመው ይሆናል ብሎ ስለገመተ መለኪያውን ይዞ ከሆሳዕና ተነሳ። እኔም በእሱ መኪና ሄድኩ።

ባትሪዎቹ አልደከሙም። በብረት ኮንቴይነር ውስጥ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ሙሉ መሆናቸውን ያሳያል። ቴክኒሺያኑ አንድ በአንድ ለካቸው። ከዚያ ወደ ማከፋፈያው ሳጥን ዞረና ቆም አለ። ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚሄደው መስመር ጠፍቷል፤ ማብሪያው ላይም የቁም ሳጥን ቁልፍ የምታህል ጓጉንቸር ተንጠልጥላበታለች።

“ይህን ማን ቆለፈው?” አለ።

“እኔ ነኝ” አሉ ከበሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ። የመብራት ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ የቀበሌው እድር ዳኛም እሳቸው ናቸው። መሸሸግም መቆጣትም አልታየባቸውም።

“ለምን አባባ?”

“ለክረምት ነዋ።”

ሁለቱ በሀዲይኛ ይነጋገሩና ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሱ ነበር። ነገሩ ቀስ እያለ ተገለጠ። ማመንጫው ሲመረቅ ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ ስለ ባትሪ ሲናገር አስተርጓሚው ሕዝቡ በቀላሉ እንዲገባው ብሎ የቆጮ ጉድጓድን ምሳሌ አደረገ። ባትሪ ማለት ጉድጓድ ነው፤ ሲገኝ ትከታላችሁ፣ ሲጠፋ ታወጣላችሁ አላቸው። በእንሰት አገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ችግሩ ምሳሌው ከሚገባው በላይ መግባቱ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ቆጮ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል፤ ያለጊዜው ከፍቶ የሚጨርስ ቤት ደግሞ ስሙ በክፉ ይነሳል። ኮሚቴው በበጋ የተሰበሰበውን ፀሐይ ለሐምሌና ለነሐሴ ደመና ለማቆየት ተማክሮ ወሰነ። ወፍጮው ከቀትር በኋላ እንዲቆም፣ ቤቶችም አምሽተው እንዳያበሩ ተደረገ። ሳይቆጠብበት የቀረው የጤና ኬላው የክትባት ፍሪጅ ብቻ ነበር።

ስለ መብራት ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ኃይል የሚባክንባቸውን ብዙ ቦታዎች አይቻለሁ፤ ከጥንቃቄ ብዛት ሲባክን ሳይ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የወፍጮ ቤቷ ባለቤት መኪናውን አይታ ኖሮ ሻሿ ላይ ዱቄት እንዳለ መጣች። የነገሩን ምክንያት ስትሰማ ሽማግሌውን ትኩር ብላ አየቻቸው።

“አባባ፣ እርስዎ ቤት ጉድጓዱ መቼ እንደሚከፈት ማን ነው የሚወስነው?”

“እሷ ናታ” አሉ፤ ሚስታቸውን ማለታቸው ነው።

“እርስዎ ጠጋ ብለው አይተውት ያውቃሉ?”

“እንዴት ብዬ? ታባርረኛለች።”

“እንግዲህ የሴት ሥራ ውስጥ ገብተው ነው ያበላሹት” አለች። ሽማግሌው ሳቁ፤ ቁልፉን ግን ከኪሳቸው አላወጡም።

ቴክኒሺያኑ ክርክር ውስጥ አልገባም። ቁልፉን ለምኖ ተቀበለና መስመሩን አበራ፤ ሴትየዋም ወፍጮውን ልታስነሳ ተመልሳ ሄደች። ከሩቅ የወፍጮው ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ሰሌዳውን አፍጥጠው ያዩ ጀመር። ባትሪው ሙሉ እንደሆነ ቆየ። ወፍጮው ይፈጫል፣ ቁጥሩ አይወርድም።

“ከየት ነው የሚበላው ታዲያ?”

“ከፀሐይዋ፣ አሁን ከምታበራው። ጉድጓዱ ጠዋት ነው የሞላው። ከሞላ በኋላ የመጣውን የሚቀበለው የለም።”

“እስከ ዛሬ የመጣውስ የት ገባ?”

“የትም አልገባም አባባ። ባትሪ አንድ ሌሊት ያሳልፋል እንጂ ክረምት አያደርስም።”

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ የጠየቁት ጥያቄ ትልልቅ የፀሐይ ማመንጫ በሚያቅዱ ሰዎች ስብሰባ ላይም የምሰማው ነው። “ክረምት ሲመጣስ? ደመናው ቀናት ሲሰነብት ምን ልትለኝ ነው?”

ቴክኒሺያኑ አልዋሸም። ደመናው ከሰነበተ ባትሪው ወፍጮውን እንደማይችል፣ የሚበቃው ለፍሪጁና ለጥቂት አምፖሎች እንደሆነ ነገራቸው። ለዚያ የሚበቃ ባትሪ ይምጣ ቢባል ደግሞ ማመንጫው ራሱ ከወጣበት በላይ ያስወጣል አለ። ሽማግሌው ስለ ክረምቱ አልተሳሳቱም ነበር፤ የተሳሳቱት ስለ ጉድጓዱ ነው።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። እንደ ልማዱ በጸሎት ተከፈተና እስከ ምሳ ድረስ ተነጋገረ። በበጋ ወፍጮው ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ፣ ደመና ሲሆን ግን ከሁሉ በፊት እሱ እንዲቆም ተስማሙ። ሴትየዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ሰው እህሉን ተሸክሞ ከመጣ በኋላ እንዳይመለስባት፣ ወፍጮው የሚቆም ከሆነ ማለዳ ይነገረኝ አለች። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ጓጉንቸሩን ከነቁልፉ ሰጧት። “ራስሽ እያየሽ ክፈቺው” አሏት።

ነሐሴ ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ከሆሳዕና ጀምሮ ዝናብ ነበር፤ የቦኖሻም መንገድ ጭቃ ነው። ወፍጮ ቤቱ ክፍት ሆኖ አገኘሁት፤ ድምፅ ግን የለም። ሴትየዋ በሩ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትለቅማለች። ሥራ እንዴት ነው አልኳት። በፀሐይ ቀን ሰልፍ አለ፣ በዝናብ ቀን ሰዉ ወደ ናፍጣው ይሄዳል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይመለሳል አለች። ለመዝጋት አስባ እንደነበር ሳስታውሳት እጇን በቸልታ አወናጨፈች።

እየተጨዋወትን ሳለ ሽማግሌው በቆሎ በአህያ ጭነው ደረሱ። ዝናቡ ጋቢያቸውን አበስብሶታል።

“ዛሬ አልከፍትም አባባ” አለቻቸው ጭነቱን ሳያወርዱ። “ጤና ኬላው ውስጥ የምትወልድ ሴት አለች። አምፖሎቹን ከትናንት ጀምረው አላጠፏቸውም።”

“ለአንዲት ቁና ብቻ።”

“ለግማሽ ቁናም።”

ወደ እኔ ዞሩ። “እኔ ስዘጋው ጋዜጠኛ ተጠራብኝ። እሷ ስትዘጋው ጋዜጠኛው ቁጭ ብሎ ይስቃል።”

“እርስዎ የዘጉት በፀሐይ ነዋ” አለች፤ ተነስታም ጆንያውን ከአህያዋ ላይ አወረደችላቸው። ጣሪያው ከማያፈሰው በኩል አስቀመጠችና ላዩን በላስቲክ ሸፈነችው። ሽማግሌው አህያዋን ደጅ አስረው ገቡና አጠገቧ ተቀመጡ፤ በቆሎውንም አብረዋት ይለቅሙ ጀመር።