የማንጎው ክር

ሰውዬው ከሚሴ መናኸሪያ ፊት ለፊት ወዳለችው የሳጂዳ ቁርስ ቤት ሲገባ ፔርሙሱን በብብቱ ሸጉጦ፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ ነው። ሁለት ሳምንት ሲመላለስ ስሙን አልተናገረም። "ለታማሚ ነው" ብሎ ድስቱ አጠገብ ይገተራል።

ሳጂዳ አጃ በወተት የጀመረችው ቶሎ ስለሚደርስላት ነበር። አፍልቶ፣ ሙዝና ማንጎ አድቅቆ መጨመር ነው፣ አለቀ። እሱ ከቆመ ግን አያልቅም።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እሳቱን ቀንሺ። ማንጎው ክር አለው፣ አጥልይው።"

"አጥልዬዋለሁ እኮ፣ አባባ።"

"እስቲ ቅመሽልኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የሱና ጾመኛ ነኝ።"

ቀመሰች። "ልሟል።"

"የማንኪያውን ጀርባ አሳይኝ፣ ክር እንዳልያዘ ልይ።"

የደሴ ተሳፋሪዎች ጠረጴዛውን ያንኳኳሉ። ሳጂዳ ጭልፋውን አስቀመጠችው።

"አባባ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ወይ አንቱ ይሥሩት፣ ወይ ለእኔ ይተዉልኝ። እንዲህ የምታስጨንቀን ንግሥት ማን ናት?"

"ሚስቴ ናት" አለ፣ የፔርሙሱን አፍ በነጠላው ጫፍ እየወለወለ። "ትናንት ሁለት ማንኪያ ዋጠችልኝ። ሦስተኛው ላይ ክሩ አነቃትና አፏን ዘጋች።"

ሳጂዳ ወንፊቱን እንደገና ከመስቀያው አወረደች።

"ታገሱ እንጂ" አለች ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞራ፣ "መኪናው ያለ እናንተ የት ይሄዳል።"