መድኃኒት ብዬ የላስኩት ማር

ከጂንካ ገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ ቆም ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ድመት እየተከተለችኝ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። መንገዱ ላይ ድመት የለችም፤ ሲጥ ሲጥ የሚለው የገዛ ደረቴ ነው።

ሐኪሙ “አስም ነው” ብሎ ሁለት የሚነፋ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ አንዱ በየቀኑ የሚወሰድ፣ አንዱ ሲያፍነኝ የምነፋው። የየቀኑን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጎረቤቶቼ “ሱስ ያስይዛል” ብለውኛል። በጎረቤት ምክር የምስቅ ሰው ነኝ፤ ትንፋሽ ሲያጥር ግን ሳቅም ያጥራል።

ከዚያ ማዕዴ ላይ ዘመቻ ተጀመረ። ወተት ብርድ ነው ተባለ፤ ቀረ። ሙዝም ብርድ ነው፤ ቀረ። አቮካዶም ተከተለ። በፍራፍሬ አገር ተቀምጬ በፌጦና በነጭ ሽንኩርት ከሳሁ። ዕድሜዬን ሙሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ፌጦ ለመዋጥ ኖሯል።

በመጨረሻ የባና ብሔረሰብ ተወላጁ ወዳጄ ኦይታ ዛፍ ላይ ከሰቀለው ቀፎው የቆረጠውን ማር በቅል ይዞልኝ መጣ፤ ከነሰፈፉ፣ ከነአበባው ብናኝ።

“የተጣራ ማር ለሻይ ነው” አለኝ። “መድኃኒት ይሄ ነው። ላሰው!”

በየጠዋቱ ላስኩ። ጉሮሮዬን በላኝ፤ ደረቴ ጠበበ። ባለቤቴ ወይንሸት ግን ደስ አላት።

“በሽታውን እየነቀለው ነው” አለች። “ሲነቀል ያምማል።”

እናም ጨመረችልኝ። ሲብስብኝ ደግሞ ጨመረች።

አንድ ጠዋት ቁርሴን ልሼ ተነሳሁ። አየሩ አልገባም። መድኃኒቱን ነፋሁ፤ አልገባም። ደግሜ ነፋሁ። መናገር አቃተኝ። ወይንሸት “ከንፈርህ ጠቆረ” አለችኝ። በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። በልጅነቴ የማውቀውን ጸሎት ፈለግኩ፤ ለእሱም ትንፋሽ አልነበረኝም። እየሞትኩ ነው አልኩ፤ በሆዴ።

ኦክስጅን አደረጉልኝ። ኔቡላይዘር የሚሉትን፣ መድኃኒቱን እንደ ጉም የሚተፋ ማሽን፣ አፌ ላይ ደቀኑት። ጉሙ ቀስ ብሎ ገባ። ዓይኔን ስገልጥ ወይንሸት ማንኪያ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። የማሩንም ቅል ይዛ መጥታለች።

“ከመታፈናቸው በፊት ምን በሉ?” አለ ሐኪሙ።

“ምንም ዶክተር፣ ማር ብቻ!” አለች በኩራት።

ሐኪሙ ቅሉን አየ፤ ማንኪያውን አየ።

“እባክዎ እሱን ያስቀምጡት” አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አበባ በሚፈነዳበት ወቅት አስነጥስ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። “እንግዲያው ማሩ ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝ ሳይሆን አይቀርም። የአለርጂ ምርመራ እዚህ ስለሌለን በእርግጠኝነት ልነግርዎ አልችልም። ማሩን ግን ያቁሙ። የየቀኑን መድኃኒት ደግሞ ይጀምሩ፤ ማርም ቢሆን ፌጦም ቢሆን አይተካውም።”

ከዚያ ወዲያ መሳቢያው ተከፈተ፤ ወተቱም ሙዙም አቮካዶውም እንደ ተፈታ እስረኛ አንድ በአንድ ወደ ቤቴ ተመለሱ፣ ደረቴም የሚያሳድደኝ አውሬ መሆኑን ትቶ ቀስ በቀስ እንደ ገና የእኔው አካል ሆነ። ያም ሆኖ ማለዳ ስነቃ እስካሁን መጀመሪያ የማደርገው ነገር ደረቴን ማዳመጥ ነው።

የከበደኝ ለኦይታ መንገር ነበር። ማሩን መመለስ እሱን መመለስ መስሎ ታየኝ። ሰምቶ በሳቅ ፈነዳ።

“ሰው ሁሉ ንብ ነድፎት ያብጣል፤ አንተን ማሩ ነደፈህ!”

እናንተ እንደ እኔ የምትታፈኑ ሰዎች፣ ማር ጠላት ነው አላልኩም፤ ወይንሸት እየላሰችው ደህና ናት። ለእያንዳንዳችን የማይስማማን ይለያያል። ስትበሉ ምን እንደሚሰማችሁ ልብ በሉ፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ “ሲነቀል ያምማል” የሚላችሁን አትስሙ፤ መድኃኒታችሁንም መሳቢያ አታብሉት። ያን ሐኪም ፈጣሪ ይስጠው።

ኦይታንም አመሰግነዋለሁ። አሁን ሲመጣ ቅሉን ደጅ አኑሮ፣ እጁን ታጥቦ ይገባል። ጆሮውን ደረቴ ላይ ለጥፎ ያዳምጥና “ድመቷ ተኝታለች” ይለኛል።

ሄዳለች ብሎኝ አያውቅም።